ቋሚ ሆነሻል ስባል

ዛሬ «ቋሚ ሠራተኛ ሆነሻል» ስባል ደነገጥኩ።

ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እዚህ ሰቆጣ ማር ሱቅ የምሠራው ስፌት የሚያስተምረኝ እስካገኝ ነበር። ትናንት ደግሞ ፊት ለፊታችን ያሉት ልብስ ሰፊ እትዬ «ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ ልመጂ» አሉኝ።

ዛሬ የሱቁ ባለቤት ሀጂ «ልጄ፣ ቋሚ ሠራተኛ ሆነሻል፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ሱቁን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

በሹመቷ ያዘነች ሠራተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እጄ ሁልጊዜ ማር ስለሆነ እስከ ዛሬ እትዬ ዘንድ ጎራ ስል ጨርቅ እንኳ ደፍሬ ነክቼ አላውቅም።

እንደምንም ብዬ «ጠዋት ስፌት ልማርና ከሰዓት ብቻ ልምጣልዎ?» አልኳቸው።

«መርፌ ከማር ይጣፍጣል እንዴ?»

«ገና አልቀመስኩትም።» ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ!

ሀጂ ሳቁ፤ ግን እሺም እምቢም ሳይሉኝ ወደ ሶላት ሄዱ። ነገ ጠዋት የት እንደምገባ አላውቅም።

እናንተስ፣ «ለጊዜው» ብላችሁ የገባችሁበት ሥራ አልለቅ ሲላችሁ ምን አደረጋችሁ?