ማን ቀናባት?

መምህርት የትነበርሽ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ጎንደር ላይ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቪዛ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የቸገረው ሁሉ አንድ ቀን ደጇን መርገጡ አይቀርም። ቁጭ ብላ ባንድ ሰዓት ጽፋ ትሸኘዋለች። የባልደረባዋ የሰላም ደብዳቤ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈው።

ሰላም ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረቻት የትነበርሽ ስትሆን፣ አሁን ባንድ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩ መምህራን ናቸው። ሰላም ለሁለተኛ ዲግሪ የውጭ ነፃ የትምህርት ዕድል አመልክታ የቀራት የኃላፊዋ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ኃላፊዋ ደግሞ የትነበርሽ። ማመልከቻው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሰላም በመጀመሪያው ሳምንት ብትጠይቃት፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ትንፍሽ አላለችም፤ ዝምታዋም የትነበርሽን ይበልጥ አስጨነቃት።

ደብዳቤው ያለቀለት ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ያስቸገረችው። ሰላም በሥራዋ ባልደረቦቿን የምታስቀና መምህርት ናት የምትለዋ። የትነበርሽ በእንግሊዝኛ አሳምራ ጻፈቻትና ፍርሃት ፍርሃት አላት። ፈረንጆቹ ሙገሳ ነው ይሉ ይሆን? ወይስ ከሰው የማትስማማ፣ ነገረኛ ትመስላቸው ይሆን? መዝገበ ቃላት ብትገልጥ ሙገሳ ነው አላት፤ አላመነችውም። በእኛ አገር ሰው ከተሞገሰ ወዲያው «ከዓይን ያውጣት» ይከተላል፤ የፈረንጅ ደብዳቤ ይህን የት ያስገባዋል? ልጅቱን ያለ መከታ አደባባይ ያቆመቻት መሰላት። ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች፣ ደግማ ሰረዘች። ለሰላም ብዬ ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ሰው ራሱን ለማታለል መቼም ምክንያት አያጣም።

ዓርብ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትነበርሽ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ አያ አስናቀው እንግሊዝኛ አንድ ፊደል አያውቁም፤ እሷ ግን የሚሰማት ሰው ነበር የፈለገችው። ሰላም ባልደረቦቿን ታስቀናለች ብዬ ብጽፍ ነውር ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

አያ አስናቀው የያዙትን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። «ሸጋ ልጅ ናት። ምነው፣ ማን ቀናባት?»

የትነበርሽ የሚቀናባትን ሰው በልቧ ትፈልግ ጀመር። የሒሳብ መምህሩ ምስጋናው ሻንጣውን ላውሳት ብሏል። የቢሮ ባልደረባቸው ነጃት ገና መልሱ ሳይመጣ ለመሸኛዋ ድግስ ታስባለች። የቢሮውን ሰው አንድ በአንድ ቆጥራ ጨረሰች። የቀረችው ራሷ ነበረች።

ለማያውቋት ሰዎች ባንድ ሰዓት የምትጨርሰውን ለገዛ ተማሪዋ ሦስት ሳምንት ይዛ መቀመጧ ከዓይን ልትጠብቃት አልነበረም። ዓይኑ የራሷ ነበር። አፈረች፤ እስከ ዛሬ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ወደ ቢሮ ስትመለስ ሰላም ፈተና እያረመች ነበር። የትነበርሽ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ባልደረቦቿን የሚለውን አጠፋችና በቦታው፣ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ይህች መምህርት ታስቀናኛለች ብላ ጻፈች። ኔትወርኩ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ደብዳቤው የተላከው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው።

«ላክሁት» አለች። ቀጥላም፣ «ያዘገየሁት እንግሊዝኛው አስቸግሮኝ አልነበረም» አለቻት።

ሰላም እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«አውቄዋለሁ፣ እትዬ። ደግሜ ያልጠየቅሁዎ እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው።»