የእናቴ ወረንጦ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ደውላ መነጽሯን ልትጥል እንደሆነ ነገረችኝ። ሌዘር የሚሉት ጨረር አለ አሉ። አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ አልጋ ላይ ትጋደማለች፣ ዓይኗ ላይ ጠብታ ይደረግላታል፣ ጨረሩ ሥራውን ይሠራል፣ ተነሥታ ትመጣለች። «ግን ፈራሁ አባዬ። ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?» አለች። እኔ ምን አውቃለሁ። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። «እንግዲህ አንቺ እንዳልሽ» አልኋት። ለሁሉም ነገር የምላት ይህንኑ ነው።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ጨመረች። ከምርመራው በፊት ያንን ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዳታደርግ ሐኪሙ አዟታል። ዓይኑ ወደ ራሱ መልክ ካልተመለሰ ልኩ በትክክል አይታወቅም ብሏታል። «በመሀል ደግሞ የጓደኛዬ ሠርግ አለ። ሚዜ ሆኜ በዚያ ወፍራም መነጽር ልታይ ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም የእናቴ ነገር እየመጣብኝ በረንዳው ላይ ቀረሁ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቢቸና ገበያው ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። አባቴ ሞቷል፣ እህቴ የጁቤ ተድራለች፣ ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች። የሽፋሽፍቷ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋት ነበር። በአገራችን ይህ ሕመም ብርቅ አልነበረም። በየቤቱ አንድ ሰው ነበረው፤ በየቤቱም ወረንጦ ነበር። እናቴ የእሷን ከአንገቷ ክር ላይ አንጠልጥላው ትውል ነበር።

መንቀሉ የእህቴ ሥራ ነበር፤ እሷ ስትዳር ወደ እኔ ዞረ። በየአሥር ቀኑ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ እናቴ ደጃፍ ላይ ራሷን ጭኔ ላይ ታስደግፋለች። የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቴ ገልበጥ አድርጌ ፀጉሩን አንድ በአንድ እነቅላለሁ። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። ሲያልቅ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ፣ ጨፈን ገለጥ ታደርግና «እጅህ ቀላል ነው። ከእህትህ ትሻላለህ» ትለኛለች። ጎረምሳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያስደስተውም ይባል ይሆናል፤ እኔን ግን ያስደስተኝ ነበር።

ቆይቶ የእኔንም ቀኝ ዓይን ፀጉሩ ይወጋኝ ጀመር። መርፌ ውስጥ ክር ለማግባት ስሞክር ሁለት መርፌ ይታየኛል። በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ የዓይን ፀጉር በቀዶ ጥገና የሚያቃኑ ሰዎች ሞጣ መጥተዋል፣ ለአንድ ሳምንት ይቆያሉ የሚል ወሬ ሰማን። ቢቸና ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። እውነት ነው አሉኝ። «እናትህን ይዘህ ሂድ። ፀጉሩ ብሌኑን እየላገ ከቆየ ብርሃኗን ይወስደዋል» አለኝ ጤና ረዳቱ። በግራ ዓይኗ ጥቁር ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ለእሷ ግን አልነገርኋትም።

እናቴ እንቢ አለች። «ተወኝ። በወረንጦ ኖሬያለሁ፣ በወረንጦ እሞታለሁ። ምላጭ ዓይኔ ላይ አላስነሣም።» አራት ቀን ለመንኋት። በአምስተኛው ቀን እንዝርቷን ሳታስቀምጥ «አንተ ትቀድማለህ። ደህና ሆነህ ስትወጣ አይቼ እገባለሁ» አለችኝ። በዚህ ተስማማን።

በመንገዳችን ዋዜማ ቀሚሷን አጠበች፣ ጎረቤት ጠርታ ፀጉሯን ተሠራች። ከዚያ ደጃፍ ላይ ወጥታ ወረንጦውን ከአንገቷ አወጣችና «በል አጽዳኝ። ሐኪም ፊት ነው የምቀርበው» አለች። እውነቷን ነው ብዬ ተቀመጥሁ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ነቅዬ አላውቅም። በሁለቱም ዓይኗ አንዲት ፀጉር አላስቀረሁም። የራሴን ማን ይንቀልልኝ፣ የእሷ ዓይን አያደርስም። የእኔ እንዳለ ቀረ።

የነቢያት ጾም ነበር። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። መንገዱ ያኔ ፒስታ ስለነበር አውቶቡሱ አቧራውን ራሱ ላይ እያፈሰ ነው የሚሄደው። እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን የሽምብራ ቆሎ እየፈታች አጠገባችን ለተቀመጡት ታድላለች። ጉንደ ወይን ላይ የተሳፈሩ አንዲት ሴትዮ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቀው ሲያውቁ አማተቡ።

«ዓይንን አውጥተው ሳህን ላይ ያስቀምጡታል አሉ። አጥበው ይመልሱታል» አሉ ሴትዮዋ።

«ውይ! ታዲያ እስኪታጠብ ድመት ይዞት ቢሄድስ?» አለች እናቴ።

«የድመቱን ይተኩልሻላ!»

«እሰይ! አይጥም አስቸግሮኛል።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እጇ ግን ጉልበቴን ጨምድዶ እንደያዘ ነበር።

ሞጣ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ሁሉም ነጠላውን ዓይኑ ላይ ጣል አድርጎ ጥላ ጥላውን ተቀምጧል። ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሽፋኔን በማደንዘዣ መርፌ ወጉኝ፣ እሱ ያማል። ከዚያ በኋላ ሽፋኔ የእኔ መሆኑ ቀረ። መቀሱ ሲቆርጥ ድምፁን እሰማለሁ፤ እንደራሴ ሥራ፣ ጨርቅ የሚቆረጥ ነው የሚመስለው። ክሩ ሲሳብም ይታወቀኛል። ሕመም ግን የለም። በፋሻ አሽገውኝ ወጣሁ። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «አመመህ?» አለች። «ምንም» አልኋት። «እንግዲያ ልግባ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። እጇን ይዤ አብሬያት ገባሁ።

ልጅ እግር ነርስ ነበረች። የእናቴን ሽፋን ገለበጠች፣ ባትሪ አበራች፣ ደግማ አየች።

«እማማ፣ ፀጉሩ የታል?»

«ልጄ ነቅሎልኝ» አለች እናቴ ኮራ ብላ። «እጁ ቀላል ነው።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «የትኛው እንደሚገባ፣ የቱ ጋ እንደታጠፈ ሳላይ እንዴት ልቁረጥ? ሳይነቀል ነበር መምጣት።» አልተቆጣችም። ውጭ ገና ብዙ ሰው ነበር። «እማማ፣ ሦስት ሳምንት እንዳይነቅሉት። ከዚያ ጉንደ ወይን እንመጣለን፤ እዚያ ለእርስዎ ይቀርባል። እኔ ራሴ እሠራዎታለሁ» አለቻት።

የእናቴ ፊት ፈታ ሲል አየሁት። ተለምኖ የመጣ ሰው፣ እሱ እንቢ ሳይል ነገሩ ሲቀርለት ደስ ይለዋል። ያን ጊዜ ነርሷን መለመን ነበረብኝ፣ እንዲያው እንደሆነው ሥሪያት ማለት ነበረብኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። የደነዘዘው ሽፋኔ ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሩ ብቅ አለ። አጭሩ ከረጅሙ የባሰ እንደሚወጋ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ እንደ ታጨደ ማሳ ነው። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ጓዳ ተቀመጠች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ወረንጦውን በመዳፏ ይዛ ጠበቀችኝ።

«አሸዋ ነው ልጄ። አሸዋ ላይ ነው ዓይኔን የምገልጠው።»

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረሽ እማዬ። ዘጠኝ ቀን ቻዪው።»

«አንተማ ተገላገልህ» አለች።

በክፋት አይደለም ያለችው። እውነት ነበር። ፋሻዬ ተፈቷል፣ ክሬን አንድ ጊዜ ሞክሬ መርፌ ውስጥ አስገባለሁ። ወረንጦውን ተቀበልኋት፣ ደጃፍ ላይ ወጣን፣ ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። እየነቀልሁ ያሰብሁትን ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ምንም አላሰብሁም። ሲያልቅ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ «እጅህ ቀላል ነው» አለችኝ።

ሐኪሞቹ ጉንደ ወይን የመጡ ዕለት ሸሚዝ እየሰፋሁ ዋልሁ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ እንሄዳለን ተባባልን። አገባሁ፣ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ነቀልሁ። ነጩ ነጥብ ሰፋ። መጀመሪያ ግራው ሄደ፣ በአራተኛው ዓመት ቀኙም ተከተለው። እናቴ የቀረውን ዕድሜዋን ትከሻዬን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትመላለስ ነበር። ሞጣን አንሥታብኝ አታውቅም፣ እኔም አላነሣሁም። ስትቀበር ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የመቃብሩን ድንጋይ አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። ለቅርቡ መነጽር አደርጋለሁ እንጂ ሩቁን ዛሬም ጥርት አድርጌ አያለሁ። ወረንጦው በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ጋር አለ።

ትናንት ልጄ መልሳ ደወለች። ሌዘሩን ልትሠራ ቆርጣለች። ሠርጉ እሑድ ነው።

«አባዬ፣ ሌንሱን ለአንድ ቀን ብቻ ላድርገውና ቆጠራውን ከነበረበት ልቀጥል? ሐኪሙ በምን ያውቃል?»

«አይሆንም» አልኋት።

ከእኔ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። «አንድ ቀን እኮ ነው» አለች።

«መሠራቱን አንቺ ታውቂያለሽ። ከቆረጥሽ ግን እስከዚያ አታድርጊው። በመነጽርሽ ሚዜ ሁኚ። ስንት ቀን ቀረሽ?»

«ስድስት። ምን ሆነሃል አባዬ?»

«ምንም አልሆንሁ። በየቀኑ እየደወልሁ አብሬሽ እቆጥራለሁ» አልኋት።

ዛሬ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ሳልከፍት ደወልሁላት። አምስት ቀርቷል።