በሰንበት የታረሰው መሬት

ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ፣ የእኛ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከቅጥሯ ውጪ ረጅም የሰንበቴ ቤት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ሰው እዚያ ይሰበሰባል፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ከዚያም ጥቂት ያስተምራሉ። ደጅ የተቀመጠው ችግረኛ ከእኛ ቀድሞ ይበላል። ይህ ከአባቶቻችን የመጣ ነው።

በዚያ ዓመት የሰንበቴው ሙሴ እኔ ነበርኩ። ሙሴ ማለት አለቃ ማለት ነው፤ ግን የተማረ ሰው መሆን የለበትም። እኔ ራሴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ ሞፈር የያዝኩ ሰው ነኝ። ሙሴ የሚጠየቀው ማን ታመመ፣ ማን ቀረ፣ ማን ተራውን ማውጣት አቃተው የሚለውን ነው። ያን ካወቀ ይበቃዋል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የሰው ልጅ በየተራ ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር። ከሰንበቴያችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። የሚያርስላቸው አንድ ልጃቸው ነበር፤ እሱም ተመለመለና ሄደ። በሬ የላቸውም። ቢኖራቸውም በእኛ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። መሬታቸው ወንዝ ዳር ነው፤ መረሬ፣ ጥቁር፣ ነጭ ጤፍ የሚወድደው ዓይነት። መከራው ከገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ ጋር መዋሰኑ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ያን መሬት ከጋራው እርሻ ጋር ሊገጥመው ከልቡ ፈልጓል። ክፉ ሰው ነበር አልልም። የእኛው ጎረቤት ነው። ነገር ግን ከላይ ግፊት የሚመጣበት ነበር፤ የጋራው እርሻ ሰፋ ካልተባለ አውራጃ በተጠራ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ግንቦት ሲያልቅ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ያልታረሰና ያልተዘራ መሬት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል፣ በሽግሽጉ ለጋራው እርሻ ይገባል አለ። የማንንም ስም አልጠራም። እኛ ግን ሁላችንም ወደ ባልቴቷ ዞረን ነበር። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ ከጸሎት በኋላ ሳይቀመጡ ቀሩ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ሲያስተምሩም ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ያን ቀን ግን ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ እንዲህ አሉን፤

«ደጅ ላለው ቆርሳችሁ ሰጣችሁ፣ እሰየው። እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣ አብራችሁ የምትቆርሰዋ ለከርሞ ደጅ እንድትቀመጥ ነው ዝም ያላችሁት?»

 ያ ቃል ከዳቦው ጋር አብሮ ወረደና ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ።

መጀመሪያ እንደ አገሩ ልማድ በደቦ እንረስላቸው ብለን ተነሣን። ከሥራ ቀን አንዱን መርጠን፣ ጥቂት ሰዎች ጥማዳችንን ይዘን ወረድን። ገና አንድ ጥግ ሳናገላብጥ ሊቀመንበሩ ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ደቦ ካላችሁ የጋራው እርሻ ምን በደለ አለ። ቀንበራችንን አስፈትቶ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስወሰደው። ቀንበሩን ለማስመለስ ስንት ደጅ ጠናን! ከሥራ ቀን የሚተርፈው ሰዓት ደግሞ ለየራሳችን ማሳም አይበቃም፤ የጋራው እርሻ ይወስደዋል። የማይነካን ሰንበት ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩ በየስብሰባው «ሰንበት እያላችሁ አገሪቱን አስራባችኋት፣ እሑድም ይታረስ» እያለ ይሰብከን ነበር፤ አንድም ሰው ግን በሬ ጠምዶ ወጥቶለት አያውቅም።

በመጨረሻ እኛው ያን አሰብነው። በእሑድ እንረስላቸው። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ለባልቴት ከሆነ ፍርዱን እኔ እሸከማለሁ አሉ። ሲሉት ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ለእሳቸው ቀላል አልነበረም።

ወሬውን ለባልቴቷ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይባዝታሉ። ጨርሼ ስነግራቸው ባዘቶውን አስቀመጡ።

«አይሆንም» አሉ።

«እንዴት አይሆንም፣ እትዬ? ቄሱ ፈቅደዋል እኮ።»

«ቄሱ ስለ ነፍሳቸው ይፍቀዱ። የእኔ ልጅ ያለው ጥይት መካከል ነው። እዚህ ሆኜ የማዋጣለት ጸሎት ብቻ ነው። በእሑድ ያሳረስኩትን ጤፍ በልቼ በየትኛው አፌ ልለምንለት? በሬውስ ቢሆን ሰንበት አይገባውም? መሬቱን ይውሰዱት።»

«መሬቱ ከሄደ በምን ሊኖሩ ነው?»

«ሰንበቴው ደጅ እቀመጣለኋ። ጥሩ አድርጋችሁ እንደምታበሉ አይቻለሁ።»

ይህን ሲሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ከሰፈራችን ዳር አንድ ሙስሊም ሸማኔ ይኖራል። የሞጣ ሰው ነው፤ በጋብቻ ወደ እኛ መጣ። በእኛ አገር ከመሬት አዋጁ በፊት ሙስሊም ርስት አልነበረውም፤ ወይ ይሸምናል ወይ ይነግዳል። የመሬት አዋጁ ሲመጣ ለእሱም እንደኛው ማሳ ደረሰው። አገሩ ሁሉ ይቀልድበት ነበር፤ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ የሚሠራ ሰው በሬ እንዴት ይከተላል ይባላል። እሱም ሲቀለድበት አብሮ ይስቃል፣ ያርሳልም። አንድ በሬ አለው፤ ሌላውን በሬ የሚያመጣው ቅንጃው ከቢቸና ሞጣ በአህያ ጨው የሚያመላልስ ሌላ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው።

ያን ቀን የእኔን ጋቢ ይሠራ ነበርና በደጁ ሳልፍ ጠራኝ።

«ምን ሆነሃል አያ? ጋቢው ዘገየ ብለህ ነው ፊትህን የጣልከው?»

ተቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። መወርወሪያውን አቁሞ ሰማኝ። ስጨርስ፣

«አባቴ ሞጣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሸማ ሲሠራ ኖሮ ሲሞት አንድ ፈር መሬት አልነበረውም» አለኝ። «እኔ አለኝ። የእሳቸው ዛሬ ከተወሰደ፣ የእኔ ሲወሰድ ማን ይቆምልኛል? እሑድ ለእኛ ሰንበት አይደለም። በሬዎቹም የእኛ ናቸው። እኔና ቅንጃዬ እናርስላቸዋለን።»

እኔ እንደ ሞኝ፣ ማረሱን ታውቅበታለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አላውቅበትም» አለ። «እናንተ ግን ታውቁበታላችሁ። ዳር ቆማችሁ አትነግሩኝም?»

ወደ ባልቴቷ ተመልሼ ሸማኔው ያለውን ነገርኳቸው። እሑድ ማረስን የእነሱ ሃይማኖት ይከለክል እንደሆነ፣ በሬዎቹም የማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እያንዳንዷን መለስኩ። እነሱ ካልበደሉ እኔ አስበደልኩ አይባልም፣ እንግዲያውስ ይረሱ አሉ። ግን ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ ዳቦውን ከዋዜማው እጋግራለሁ፣ ጠላ ስለማይጠጡ ብርዝ እበጠብጣለሁ አሉ። ማሩን እኛ አዋጣን።

የመጀመሪያው እሑድ ለዓይን የሚገርም ነበር። ቅዳሴ ወጥተን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ማሳው ዳር ተሰለፍን። ሁላችንም በሬ እየተከተልን ያረጀን ገበሬዎች ነን፤ አንዳችንም ግን እርፍ መንካት አንችልም። ሸማኔውና ቅንጃው መካከል ላይ ይታገላሉ። የመጀመሪያው ፈር አረቄ እንደጠጣ ሰው ወዲያና ወዲህ ሄደ። ሸማኔው እርፉን በጣም ይጫነዋል፤ ማረሻው ጭቃው ውስጥ ይቀረቀራል፤ በሬዎቹ ይቆማሉ።

ከዳር ሆነን ያላልነው የለም። እርፉን ላላ አድርገው፤ የግራውን በሬ ሳበው፤ ፊትህን እንጂ እግርህን አትይ። አንዱ ሽማግሌማ መቋቋም አቅቷቸው አንድ እግራቸውን ማሳው ውስጥ አግብተው ነበር፤ በነጠላቸው ጎትተን መለስናቸው። ሸማኔው ላቡን እየጠረገ ወደ እኛ ዞረና፣

«ከበሬዎቹ ይልቅ እናንተ አደከማችሁኝ» አለ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ አንዱ ጓደኛችን ወደ ቄሱ ጠጋ ብሎ፣ በአፍ ማረስስ ሰንበት መሻር አይሆንም ወይ አላቸው።

«ምላስን ሰንበት አታስራትም» አሉ ቄሱ። «ብታስራትማ ግማሻችሁ ሰንበቴ ባልመጣችሁ።»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሊቀመንበሩ ደረሰ። ብቻውን ነው። መጀመሪያ እኛን አየ፤ ሥራ የያዘ የለም። ቀጥሎ ሸማኔውን አየና ማን ፈቀደልህ አለው። ሸማኔው በሬዎቹን አቁሞ፣ ረጋ ብሎ፣

«አንተ» አለው። «እሑድ ይታረስ እያልክ በየስብሰባው ስትነግረን ቆይተህ፣ የሰማህ ሰው ቢገኝ ነው እንዴ የምትቆጣው?»

ሊቀመንበሩ ወደ በሬዎቹ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ።  ቀንበሩን ቢያስፈታ፣ እሑድ የሚያርስ ከለከለ ተብሎ አውራጃ ይሰማል። ወደ ቄሱ አየ፤ ቄሱ ወደ ሰማይ ያያሉ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ነገር ግን እንዲሁ አልተወንም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የጋራው እርሻ ላይ ማንም እንዳይቀር አለ። ዓርብ እኩለ ቀን ሸማኔውና ቅንጃው ቢቸና መስጊድ የሚሰግዱበት ሰዓት ነው። የቀረ ሰው ማሳው ይነካል ተባለ። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ወይ ስግደቱን ያስተዋቸዋል፣ ወይ መሬታቸውን ይይዛል።

በሰንበቴው ቤት ተነጋገርን። ብዙም አልፈጀም። በመጀመሪያው ዓርብ ሸማኔውና ቅንጃው ወደ ቢቸና ሲሄዱ ለእነሱ የተመደበውን ፈር እኔና ሌላ አንድ ሰው ከየራሳችን ጨምረን ያዝን። ሊቀመንበሩ ስም እየጠራ ሸማኔው ላይ ደረሰ።

«በእሱ ቦታ አለሁ» አልኩ።

«አንተ ለራስህ ነህ።»

«ለራሴ ጠዋት ጨርሻለሁ። ይኸው እየው። ይህ የእሱ ነው።»

ፈሩን ሄዶ አየው። ታርሷል። ተመልሶ ቀጣዩን ስም ጠራ። ክረምቱ እስኪያልፍ ዓርብ ዓርብ ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ያዝንላቸው። የሰንበቴ ተራ የማውጣት ልማድ ስለነበረን ማን መቼ እንደሚወጣ አንድም ጊዜ አልተምታታብንም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ክረምት ቄሱ የሚያስተምሩት ከወትሮው የተለየ አልነበረም፤ እኔ ግን የወትሮውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ዓርብ ወገቤን እየቆረጠኝ ካረስኩ በኋላ እሑድ ስቆም ጸሎቱ ወደ ውስጤ ይገባ ነበር።

ማሳው በየእሑዱ እየተገላበጠ ለሰለሰ። ሐምሌ ላይ መዝሪያው ደረሰ። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ በከብት መረገጥ አለበት፤ የእኛ ከብት ግን በሰንበት አይነዳም። ቅንጃው የጨው አህዮቹን ይዞ ከሞጣ ገና መግባቱ ነበር። ጭነታቸውን አራግፎ በቀጥታ ማሳው ላይ ለቀቃቸው። አህያ የጤፍ ማሳ ሲረግጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዱ ይንከባለላል፣ አንዱ ያናፋል፣ ባለቤታቸው በጭቃ ተለውሶ ይከተላቸዋል። ባልቴቷ ዳቦውን በመሶብ ይዘው ቆመው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም ነበር። ሸማኔው ዘሩን በተነ፤ እዚህ አበዛው፣ እዚያ አሳሳው። ከዳር ጮኸን ጮኸን ተውነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ በማክሰኞ ቀን፣ ከአውራጃ የመጣ የእርሻ ሠራተኛ ባለቤት የሌለውን መሬት ሊያይ ወረደ። የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ቦት ጫማው በመረሬው እየተያዘበት በችግር ይራመዳል። ሊቀመንበሩ ቀጥታ ወደ ባልቴቷ ማሳ መራው። እኛም የየማሳችንን ሥራ እየተውን ተከተልን። ጤፉ በቅሏል፤ ግን የሸማኔው እጅ ያለፈበት ሁሉ ይታያል፤ አንድ ቦታ ችምችም፣ አንድ ቦታ ባዶ።

ሊቀመንበሩ፣ ይህ እርሻ ሊባል ነው ወይ፣ ፈሩ የተጣመመ፣ ዘሩ የተዝረከረከ ነው አለ። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ቡቃያውን በጣቱ ነካካ።

«ታርሷል ወይስ አልታረሰም?» አለ።

ሠራተኛው መልስ ሳይጠብቅ ቀና አለና ወደ እኛ ዞረ።

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ባልቴቷ ከኋላችን። ወደ ፊት ሲያልፉ መንገድ ለቀቅን።

«ማን አረሰልዎት፣ እናቴ?»

 ማን እንዳረሰ ከተጠየቀ ለምን በሥራ ቀን አልታረሰም ይመጣል፤ ከዚያ ቀንበሩ፣ ደቦው፣ ሁሉም ይመጣል።

«ጎረቤቶቼ አረሱልኝ» አሉ። «ያላቸውን ቀን ሰጡኝ። አረሙ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ ለእሱ የማንንም ፈቃድ አልጠየቅኩም።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ እኛንም፣ ሊቀመንበሩንም፣ የአውራጃውንም ሰው እንደቆምን ትተውን ማሳው ውስጥ ገቡና ቁጢጥ ብለው አረም መንቀል ጀመሩ። አንዴም ቀና ብለው አላዩንም። ሸማኔው ከማዶ መጣና ከእሳቸው ፈንጠር ብሎ ቁጢጥ አለ። ማክሰኞ ስለሆነ ማንም የሚከለክለኝ የለም ብዬ እኔም ገባሁ። ከኋላዬ ሌሎቹም ሲገቡ ጭቃው ሲረገጥ ይሰማኛል።

ሠራተኛው ትንሽ ቆሞ አየን። ከዚያ ጫማውን ከመረሬው እየነቀለ ወደሚቀጥለው ማሳ አለፈ። ሊቀመንበሩም ተከተለው።

መሬቱ ከእጃቸው አልወጣም። ልጃቸው ከሰሜን የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሲገባ የሚያርሰው መሬት ጠበቀው።