በእልህ የተዋጠ ኪኒን

አቶ ሽበሺ አዋሳ ባህል አዳራሽ አጠገብ የሚያከራዩአቸው ሦስት ቤቶች ነበሯቸው። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ሦስቱም ሄዱ፤ አንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ የቀድሞ ተከራያቸው ግዛቸው ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ» ይላቸው የነበረው ሰው በአንድ ሳምንት «አንተ አድኃሪ» ማለት ጀመረ።

በ1976 ዓ.ም.፣ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደተቀመጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው።

«ተዉት፣ ከመዋጮ ለመሸሽ ነው» አለ ግዛቸው።

በጋሪ ሆስፒታል ያደረሷቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሰች ናቸው። ሐኪሙ የልባቸው ደም ሥር ተደፍኖ እንደነበር ነገራቸው። «ኪኒኑን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክዎን ይውሰዱ። ተሻለኝ ብለው ያቆሙ ሽማግሌዎች ዓመት ሳይደግሙ ነው የሞቱብን።»

ሁለት ወር ዋጡና ሲሻላቸው ተዉት። ካሰች ኪኒኖቹን ፍራሽ ሥር አገኙ።

«ድኛለሁ፣ ምን ያደርግልኛል?» አሉ ሽበሺ።

«መልካም። ግዛቸው ‹ሽማግሌው ሲሞት ይሄንንም ቤት ለካድሬ እንሰጠዋለን› እያለ ነው።»

ሽበሺ በማግስቱ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ቀበሌው መስኮት ፊት ቆሙና ግዛቸው እያየ ኪኒኑን ዋጡ። በነጋታውም እንዲሁ። ክረምት ገባ፣ ጃንጥላ ይዘው ሄዱ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አላቸው ግዛቸው አንድ ቀን።

«አንተን መቅበር።»

ለዚህ ዘጠኝ ቀን አሰራቸው። ካሰች ኪኒኑን ከምሳ ጋር እየላኩላቸው፣ ሽበሺ እስር ቤትም ሆነው መዋጡን አላቋረጡም።

በ1979 ግዛቸው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ሽበሺ መስኮቱ ፊት መሄዱን ተዉ፤ ኪኒኑንም ተዉ። በሦስተኛው ሳምንት ደረታቸውን እንደገና ጨምድዶ ያዛቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ካሰች አልለመኗቸውም፣ አላለቀሱም።

«ሙት» አሏቸው። «ወንድሜን ደበሌን አመጣዋለሁ። እዚሁ አልጋህ ላይ ነው የማስተኛው።»

ሽበሺ በዓለም ላይ ከግዛቸው ቀጥሎ የሚጠሉት ሰው ደበሌ ነበር።

«አታደርጊውም።»

«ሙትና እየው።»

ሽበሺ ኪኒኑን ከካሰች እጅ ነጥቀው ዋጡ። ከዚያ በኋላ ካሰች በየጠዋቱ አንድ የሚያስቆጣ ነገር ሳይፈልጉ ከአልጋ አይወርዱም፤ ደግ ቃል የተናገሩ ቀን ባልየው ኪኒኑን እንደሚረሱ ገብቷቸዋል። ጎረቤት ሊያስታርቃቸው ሽማግሌ ቢልክ፣ ካሰች ሽማግሌዎቹን ከበር መለሱ።

ደርግ ሲወድቅ ሽበሺ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ሚስታቸውን ከልባቸው ጠልተው፣ በሕይወት ነበሩ።