ለመንገድ ጀርባውን የሰጠ ቤት

ሱሉልታ ላይ ቤት ልሠራ ስነሣ አንድ ነገር ምዬ ነበር፤ እናቴ በምትተኛበት ቤት ከሰል አይገባም። ቡራዩ ተከራይተን ሳለን ልትጠይቀን መጥታ መብራት ጠፋ፤ ብርዱ ሲጠናባት በሩን ዘጋግታ፣ የከሰል ምድጃውን አልጋዋ አጠገብ አስጠግታ ተኛች። ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ተሸክመን ደጅ ስናወጣት ራሷን አታውቅም ነበር። እግዜር አተረፈልን። ዛሬም ከሰል ሲሸተኝ ሮጬ በር እከፍታለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ሰበታ ብቻዋን ቀረች። ቁርጥማት አለባት፣ እኔ ጋ ትሁን አልኩ። የሱሉልታ ብርድ ግን ቁርጥማት ላለበት ሰው አይሆንም። ስለዚህ ቤቱ ራሱ የሚሞቅ መሆን ነበረበት። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ እንደምታዘነብል ለተማሪ ስለፈልፍ ኖሬ ለገዛ ቤቴ ካልተጠቀምኩበት ምኑን አስተማሪ ሆንኩት? ሰፊ መስኮት ወደ ደቡብ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ የሚመልስ ጠቆር ያለ የድንጋይ ወለል፣ ጣሪያው ላይ ሶላርና የውሃ ማሞቂያ። መንገዱ በሰሜን በኩል ነው፤ ለእሱ የቀረችለት የጓዳ መስኮት ብቻ ናት።

ግንበኛው ፕላኑን አገላብጦ አየው። «ቲቸር፣ ሰው ከጭቃ ወደ ብሎኬት ይሄዳል፤ እርስዎ ወደ ኋላ። ደግሞ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ ነው የሚያዞረው። ከሰፈሩ ጋር የተኳረፈ ይመስላል እኮ!»

ባለቤቴም ከእሱ ጋር ወገነ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሙጭጭ ካልኩ ሙጭጭ ነው፤ ቤቱ እንዳሰብኩት አለቀ።

እናቴ በኅዳር መጣች። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፀሐይዋ አልጋዋ ድረስ ገብታ ስታያት «እሳት የሌለው ሙቀት!» ብላ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ሲያመሽ የእኛ ቤት ይበራል። የኩራቴን ነገር አትጠይቁኝ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወለሉን በባዶ እግሩ እንዲረግጥ አስገድድ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን እናቴ ከቤት መውጣት አበዛች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሰሜን በኩል፣ የግቢው በር ላይ፣ ነፋሱ እየገረፋት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እማዬ! እንዲህ የሚሞቅ ቤት ትተሽ?»

«ቤቱማ ሞቋል» አለች። «ግን ቀኑን ሙሉ በመስኮቴ ማንም አላለፈም። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ ልጄ። ለገና ሰበታ ውሰዱኝና እዚያው ልቅር።»

የሰበታው ቤት ቁልፍ ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነበር። እዚያ ደጃፏ ላይ ስትቀመጥ የፋብሪካ ሠራተኛው ፈረቃ ሲገባም ሲወጣም ሰላም ይላታል፤ የዓይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በድምፅዋ ለይተው «እማማ» ይሏታል። እዚህ በመስኮቷ የሚታያት የቆርቆሮ አጥራችን ነው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎረቤታችን የስንዴ ማሳ።

ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ከፋኝ። ሰበታ ከተመለሰች ምድጃው ይጠብቃታል። ፀሐይን ወደ ሰሜን ማዞር አልችልም። መንገድን ግን ማን ይከለክለኛል?

ከማዶ ያሉት ገበሬዎች ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በአጥራችንና በማሳው መካከል ማለፊያ ስለሌለ ረጅሙን መንገድ ዞረው ነው። ወደ ስንዴው ባለቤት ሄድኩ። «ኦቦ፣ በደቡብ በኩል አጥሬን ወደ ውስጥ ስቤ ለሰው መተላለፊያ ልተው ነው። አንቱ ቅር ይልዎታል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «እዚህ አገር አጥር ወደ ውጭ ሲገፋ እንጂ ወደ ውስጥ ሲሳብ አይቼ አላውቅም። ካንቺ መሬት ከሆነ እኔ ምን ገዶኝ፣ ቶሌ፣ ደግ ነው!»

አህያ ከነጭነቷ የምታልፍበት ያህል ከጓሮዬ ቆረስኩ። ግንበኛው «አሁንስ ለየልዎት» እያለ አጥሩን ወደ ውስጥ አስገባው፤ ቆርቆሮውን ከወገብ በታች አሳጠረው። ባለቤቴ «ሌባ ይገባል» አለ። ይበል።

የመጀመሪያዋ አላፊ ወተት የያዘች ሴት ነበረች። እናቴ መስኮቱን በርግዳ «አካም ቡልቴ!» ብላ በኦሮምኛ እንደምን አደርሽ አለቻት። ሴትዮዋ ደንግጣ ቆመች፤ ከዚያ የልጆቿን፣ የከብቶቿን፣ የብርዱን ነገር ሁሉ አወሩ። በገበያ ቀን እናቴ ቁርስ የምትቀምስበት ጊዜ እንኳ አጣች።

ገና ሲቃረብ ዕቃዋን ላሰናዳ ገባሁ። የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችው።

«የሰበታውን ለሰው አከራዩት» አለች። «ቤት ሰው ከሌለበት ይበርደዋል።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ሰው እየመጣ ነበር።