ጫት ቃሚ ያስመሰለኝ ሕመም

ኮምቦልቻ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። በዚህ ሥራ እጅ ሁሉ ነገር ነው፤ የእኔ ግን ባለፈው ዓመት ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ምላጭ ስይዝ ብቻ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ደንበኞቼ በመስታወቱ እያዩኝ «ጢሙ ይቅር፣ ፀጉሩን ብቻ» ማለት አመጡ።

ቤት ደግሞ ባሰ። እንቅልፍ ራቀኝ። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ለሁለት የሚበቃ ምግብ እበላለሁ፤ ሱሪዬ ግን ከወገቤ አልቆም አለ። ልጆቹ ኩባያ ቢያጋጩ እቆጣለሁ። ዓይኔም ፈጠጠ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አየችና ጫት ጀምሯል ብላ ደመደመች።

«ቃምኩ በልና ይለይልን» አለችኝ አንድ ቀን ማዕድ ላይ።

«ወላሂ አልቃምኩም!»

«ያልቃመ ሰው እንዲህ ይፈጣል?»

ብምል ብገዘት አላመነችኝም። መጨረሻ ላይ ሐርቡ ላሉት አባቷ ደውላ ለሽምግልና ጠራቻቸው።

አማቴ በጠዋት መጡ። ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደ ሥራ ቦታዬ ጎራ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «እስቲ ጢሜን አስተካክልልኝ» አሉኝ። መቀሱን አንስቼ ጠጋ ስል እጄን ለቀም አደረጉት። በላብ ተጠምቄያለሁ። መንቀጥቀጡ እስኪሰማቸው ድረስ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጫት ትቅማለህ?»

«ወላሂ አባቴ፣ አልቅምም። እርስዎን አልዋሽም።»

«እንግዲያው ታመሃል ማለት ነው። ሽምግልናው ይቆየን፤ ሐኪም ይቅደም።»

ለወራት የሚያምነኝ አጥቼ ከርሜ እሳቸው በአንድ መሐላ ሲያምኑኝ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ሰው ሁሉ በጋቢ ተጠቅልሏል፤ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት። እጄን አስዘርግታ ወረቀት ጣል አደረገችበት፤ ወረቀቱ ተርገፈገፈ። አንገቴን እየዳሰሰች ምራቅ አስዋጠችኝ፤ የደም ምርመራም አዘዘች። ውጤቱ ሲደርስ አስቀምጣ አስረዳችን።

«ያስቸገረችዎ ታይሮይድ የምትባል አንገት ላይ ያለች ዕጢ ናት። የሰውነትን ሥራ የምታፈጥነውም የምታዘገየውም እሷ ናት። የእርስዎ ያለ ልክ እየሠራች ነው። የልብዎ ምት፣ የእጅዎ መንቀጥቀጥ፣ ንዴትዎም ከዚያ የመጣ ነው።»

«ንዴቱም?» አለች ባለቤቴ።

«ንዴቱም።»

«እንቅርት ከሆነማ ጨው አንሶት ነው። ልጨምርለት?»

«አይ፣ እንዳትጨምሪ» አለች ሐኪሟ። «አዮዲን ያለው ጨው ለቤቱ ሁሉ ያስፈልጋል፤ አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ይወጣል። የእሳቸው ግን ከማነስ የመጣ አይደለም፤ ቢበዛ ሊብስባቸው ይችላል። እንደ ሰዉ በልክ ይብሉ። ልባቸው እስኪረጋ ቡና ይቅርባቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ የከሳውን ገላ ይመልሳል። ምግቡ ያግዛል እንጂ የምጽፍላቸውን ክኒን አይተካም።»

በሚኒባስ ስንመለስ ባለቤቴ አፏን በሻርፗ ሸፍና ትስቅ ጀመር።

«ምን ሆንሽ?»

«ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው ብዬም አስቤ ነበር።»

«በዚህ ክሳቴ?»

ከፊት የተቀመጡት ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን። እንዲያ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን!

ክኒኑ ወዲያው አልያዘልኝም፤ ሳምንታት ፈጀ። መጀመሪያ ልቤ ረጋ፣ ቀጥሎ እጄ። ባለቤቴም ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋ ከምድጃው አራቀችው፤ አዮዲኑ እንዳይተን ብላ ወጡ ሊወርድ ሲል ነው የምትጨምረው። አሁንም በየጊዜው ደሴ እየወጣሁ ደሜን እመረመራለሁ።

ባለፈው አርብ ከጁምዓ መልስ ምሳ በልቼ ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ የዐስር ሶላት ደርሷል። ልጆቹ አጠገቤ ኳስ ሲያነጥሩ ውለዋል አሉ፤ እኔ አልሰማሁም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ለውዱእ ልታጠብ ተነሣሁ።