እናቴን የምታቀዘቅዘው መኪና

በቀደም መኪናዬን ለማሠራት ወስጄ ቆሜ ስጠብቅ፣ መካኒኩ አንድ ቱቦ ላይ የሳሙና ውሃ ረጨ። የሞቀ ዘይትና የሳሙና ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ሌላ ሰው ልብም አይለው። እኔ ግን ወጥቼ አጥሩ ጋ ቆምኩ። እንባዬን ሰው እንዲያይብኝ አልፈለግሁም።

የዛሬ ስንት ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ በስደት አገር አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር፣ ፍላት ከምንላቸው የመንግሥት የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ አባቴና ሴት ልጃቸው እኔ። እናቴ የነርቭ ሕመም ነበረባት። አየሩ ሲቀዘቅዝ ደህና ናት፤ ከዘራዋን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሙቀት ሲነካት ግን እግሯ ይከዳታል፣ ምላሷም ይተሳሰራል። የፍላቱ ጡብ ደግሞ በበጋ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሲተፋው ያድራል። ቤታችን ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ቀዝቃዛ ቦታ የምንለው መኪናችንን ብቻ ነበር።

አባቴ ያራቪል በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የጠዋት ሺፍት ይሠራ ነበር። ቀኑ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ከሥራ እንደተመለሰ ምሳውን እንኳ ሳይበላ እናቴን ደግፎ ያወርዳትና ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል።

"ወዴት ልውሰድሽ?"

"ንፋሱ እስካለ ድረስ ወደፈለግህበት።"

መስኮቱን ዘግተው፣ የመኪናውን ማቀዝቀዣ፣ ኤሲውን፣ ከፍተው በባሕሩ ዳር ይነዳሉ። ድሮ ከኮምቦልቻ አሰብ የጭነት መኪና ሲያመላልስ ያየውን ያወራላታል፤ መቶ ጊዜ የሰማችውን። ፀሐዩ በርዶ ሲመለሱ ደረጃውን በራሷ እግር ትወጣዋለች።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። አንድ ቀን አባቴ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ወሰድኩና ጓደኛዬ ጋ ዌስት ፉትስክሬይ ወደሚባል ሰፈር ሄድኩ። ከሱቆቹ ጀርባ ፓርክ ሳደርግ ቢጫ ቀለም የተቀባች አጭር የብረት ምሰሶ ገጨሁ። ወርጄ አየሁት፤ የፊቱ መከላከያ፣ ባምፐሩ፣ ፕላስቲክ ስለሆነ የገባው ተመልሶ ወጥቷል። ጭረቱን በምራቄ ጠረግሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

በሳምንቱ ኤሲው ሙቅ አየር ይነፋ ጀመር። እናቴ "ዛሬ ንፋሱ ደክሞታል" አለች። አባቴ ወዲያው በራሱ ፈረደ። "ባለፈው ራዲያተሩን ስቀይር ነካክቼዋለሁ። እኔው ነኝ ያበላሸሁት" ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ሲል እሰማለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን መጣ። የደሴ ልጅ ነው፤ ሥራው ፍሪጅና ማቀዝቀዣ መጠገን፣ ጋዝ ለመሙላትም ፈቃድ ያለው። ከፍላቱ በታች ጥላ ፈልገን ኮፈኑን ከፈትን። የኤሲው ቱቦ ውስጥ ከሲሊንደር አየር ሞላበትና "አሁን የሚያፈስበትን እንፈልግ፤ የሳሙና ውሃ ስንቀባው አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው" አለ። የአባቴ እጅ ትልቅ ስለነበር በጠባቡ አልገባ አለ። እኔ እጄን ሰድጄ ቱቦውን በሳሙና ውሃ መቀባት ጀመርኩ። ከባምፐሩ ጀርባ ስደርስ ጣቴ ጎድጓዳ ነገር ነካ። አረፋው ጣቶቼ መሃል ይፍለቀለቅ ነበር።

ባምፐሩን አወለቁት። የታችኛው ጠርዙ ላይ ቢጫ ቀለም ተጣብቋል፤ ቱቦው ከሱ ጀርባ ተጨፍልቋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ተመትቷል እኮ" አለ ጎረቤታችን።

አባቴ ቀለሙን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አይደለም።

"አዎ" አለው። "ሥራ ቦታ ምሰሶ ነክቼ ነበር። ረስቼው።"

ያራቪል መጋዘኑ በር ላይ ቢጫ ምሰሶ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቱቦው መቀየር ነበረበት። አሮጌ መኪና እየፈታ ዕቃ የሚሸጠው ሰው እስከ ሰኞ ዘግቷል። እሑድ ደግሞ ከበጋው ሁሉ የከፋው ቀን ሆነ። እናቴን ቀዝቃዛ ቦታ እንውሰዳት ብንልም ደረጃውን መውረድ አልቻለችም። መጋረጃውን ዘጋን፣ አንሶላ በውሃ እየነከርን አለበስናት። አባቴ ቱቦ ያለው ሰው ፍለጋ ወጣ። እኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔን ላለመቀስቀስ ብላ ብቻዋን ወደ መታጠቢያ ቤት ተነሳች። የነቃሁት ስትወድቅ በተሰማው ድምፅ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር።

ማክሰኞ አባቴ ከሆስፒታል መጥቶ ቱቦውን ገጠመ። ጎረቤታችን ጋዙን ሞላ። ኤሲው እንደ አዲስ በረዶ የመሰለ አየር ነፋ። አባቴ ግን አልተደሰተም። በሩን ዘግቶ ብቻውን መሪው ጋ ተቀመጠ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር አንድ ቀን ደፍሬ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ያ ቱቦ…"

"ተሠርቷል፤ ተይው" አለኝ።

እናቴ ወደ ፍላቱ አልተመለሰችም። ደረጃው አይሆናትም ተባለ። ሆስፒታል ሁለት ወር ያህል ቆይታ አረጋውያን ወደሚጦሩበት ቤት እንድትዛወር ተወሰነ፤ ገና ስድሳ እንኳ አልሞላትም ነበር። አባቴ "በአምቡላንስ አትሄድም፣ እኔ ነኝ የምወስዳት" አለ። ነርሶቹ አግዘውን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት።

ያኔ በጋው አልፎ ብርድ ገብቷል። ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ይጥላል፤ መንገደኛው ሁሉ ካፖርት ለብሷል። አባቴ ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። መስኮቶቹን ዘጋ። በባሕሩ ዳር ዞሮ ሄደ፤ መንገዱ በዚያ ባይሆንም።

"እንዴት ነው?" አላት።

"አልሐምዱሊላህ። ጎበዝ፣ አሳምረህ ሠርተኸዋል" አለችው።

ከኋላ ሆኜ አያታለሁ። እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከትታ ትንቀጠቀጣለች፤ አጥፋው አላለችውም። ጃኬቴን አውልቄ በወንበሩ ላይ አሳልፌ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ዘወር ሳትል ጣቶቼን ያዘችና እስክንደርስ አልለቀቀቻቸውም። አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ስለ አሰብ ያወራላት ነበር።